የጋፋት እንግዶች

በተማሪነቴ ዘመን ከቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ በወጣሁ ቁጥር ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመውን የመድፍ ምስል ሳላይ ያለፍሁበት ቀን አልነበረም። አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ የቆመ፥ አጭርና ወፍራም፥ ከጦር መሣሪያ ይልቅ ትልቅ ሙቀጫ የሚመስል ነገር ነው። አንድ ቀን የታሪክ መምህራችንን «ሴቫስቶፖልን የሠራው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «አፄ ቴዎድሮስ» አሉኝ። «በማን እጅ?» ብል፥ «በፈረንጆች እጅ» ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። የትኞቹ ፈረንጆች እንደሆኑ፥ ከየት እንደመጡ፥ ለምን እንደመጡ የነገረኝ አልነበረም። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም።

መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በሰው አገር፥ ከአንድ ኮረብታ ላይ ነው። ኑሮዬ ባዝል ከሆነ ወዲህ እሑድ እሑድ ወደ ክሪሾና መውጣት ልማዴ ሆኗል። ክሪሾና ከከተማው ወጣ ብሎ በስዊስና በጀርመን ድንበር ላይ ያለ ኮረብታ ነው። አናቱ ላይ 250 ሜትር የሚረዝም የቴሌቪዥን ማማ ቆሟል፤ ከማማው ወዲህ ግን አንዲት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለች። ሰማዩ ሲጠራ ከዚያ ላይ ሆኖ የአልፕስ ተራሮችን ማየት ይቻላል። ለብዙ ጊዜ እኔም የወጣሁት ለነፋሱና ለተራራው ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሠሪዎች መነሻ ይህችው ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ካነበብሁ ወዲህ ግን መንገዱ ሌላ መንገድ ሆነብኝ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1840 ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር የሚባል የባዝል ሰው በዚያች ተጎሳቁላ በነበረች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ከፈተ። ዓላማው የተማሩ ቀሳውስትን ማፍራት አልነበረም። አናጺውን፥ አንጥረኛውን፥ ጫማ ሰፊውን፥ ገበሬውን ሰብስቦ መጽሐፍ ቅዱስ አስተምሮ ወደ ሩቅ አገር መላክ ነበር። እነዚህ ሰዎች በእጃቸው ሠርተው እየበሉ፥ በኑሯቸው ወንጌልን ይመሰክራሉ ብሎ አሰበ። ኋላም ሕልሙ ሰፍቶ፥ ከኢየሩሳሌም እስከ ኢትዮጵያ በዓባይ መንገድ ላይ 12 ማረፊያዎች እንዲቆሙ፥ እያንዳንዱም በአንድ ሐዋርያ ስም እንዲጠራ አቀደ። «የሐዋርያት መንገድ» ተባለ። ከ12ቱ የቆሙት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ፤ የቆሙትም አልዘለቁም። የመንገዱ መጨረሻ የሆነችው ኢትዮጵያ ግን እንግዶቹን ተቀብላለች።

ኢትዮጵያን ያሰበላቸው ሳሙኤል ጎባት ነበር። ጎባት ስዊሳዊ ሲሆን በ1830 ጎንደር ገብቶ ከሊቃውንቱ ጋር የተከራከረ፥ ጤናው ተቃውሶ በ1836 አገሪቱን የተወ፥ ልቡ ግን እዚያው የቀረ ሰው ነው። በ1846 በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ሆነ። ከርሱ በኋላ የመጡት ኢዘንበርግና ክራፍ በ1838 ከትግራይ ተባርረዋል፤ ክራፍ ወደ ሸዋ ዞሮ ጥቂት ዓመት ከቆየ በኋላ እዚያም መመለስ ተከልክሏል። ጎባት ከዚህ ሁሉ አንድ ትምህርት ወሰደ፤ ይህች አገር ሰባኪ አትፈልግም፥ የራሷ ሰባኪ ሞልቷታል፤ ባለ እጅ ግን ትፈልግ ይሆናል።

በ1855፥ ቴዎድሮስ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፥ ያው ክራፍ ዮሐን ማርቲን ፍላድ የሚባል የክሪሾና ወጣት አስከትሎ መጣ። አቡነ ሰላማንም ንጉሡንም አነጋገሩ። ንጉሡ ሠራተኞቹ ቢመጡ እንደሚቀበሉ ነገሯቸው። ጥበብ የሚያውቅ ሰው ይምጣ፤ ነገር ግን አገሬው ሃይማኖት አለውና ሌላ ቤተ ክርስቲያን አይተከልበት፤ በዚያ ዘመን የነበረው የቤተ መንግሥቱና የቤተ ክህነቱ አቋም በአጭሩ ይህ ነበር። በቤተ እስራኤል መካከል እንዲሰብኩ ሲፈቀድላቸው እንኳ፥ ያመነው ሰው የሚጠመቀው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ተወስኗል።

በ1856 ፍላድ፥ ቤንደር፥ ማየርና ኪንትስለን በግብፅና በሱዳን በረሃ አድርገው ገቡ። ከጭነታቸው መካከል የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረበት። ሥነ ጽሑፍ ለምትወዱ አንባብያን ይህን ማስታወስ ተገቢ ይመስለኛል፤ ያንን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የመለሱት አባ አብርሃም የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነበሩ። አውሮጳውያን «አቡ ሩሚ» ይሏቸዋል። ከ1808 ጀምሮ 10 ዓመት ያህል በካይሮ ተቀምጠው፥ በአንድ የፈረንሳይ ቆንስል ጠያቂነት ተረጎሙት። የእጅ ጽሑፉን የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዝቶ አራቱን ወንጌላት በ1824፥ ሙሉውን መጽሐፍ በ1840 አሳተመው። እንግዲህ ከሚስዮኖቹ በፊት በሰው አገር ተቀምጦ የመጽሐፉን ሥራ የሠራ የእኛው ሰው ነበር ማለት ነው። እነርሱ በበቅሎ ጭነው ያመጡት የእርሱን አማርኛ ነው።

አሁን ወደ ባለ እጅነት ጉዳይ ልመለስ። በእኛ አገር ብረት ቀጥቃጭ ምን ይባል እንደነበር የማያውቅ አንባቢ የለም። ማረሻውን የሚሠራለት ሰው «ቡዳ ነው» ተብሎ የሚፈራ፥ ከማዕድ የሚገለል፥ በጋብቻ የማይፈለግ ነበር። ከነዚህ የተገለሉ ባለ እጆች ብዙዎቹ፥ በብረትና በሸክላ ሥራ የሚተዳደሩት ቤተ እስራኤል ነበሩ። ከክሪሾና የመጡት ሰዎች ይህን አላወቁም። በአገራቸው የሚያስከብር ሙያ ይዘው፥ ሙያው የሚያስነውርበት አገር ገቡ። ቴዎድሮስ ግን ከዘመናቸው ሰው የሚለዩበት አንዱ ነገር ይህ ነው፤ የባለ እጅን ክብር ያውቁ ነበር። ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ ያለውን የጋፋትን ኮረብታ ሰጧቸው፤ ቤት አሠሩላቸው፤ «ልጆቼ» እያሉ ይጎበኟቸው ጀመር።

ቴዎፊል ዋልድማየርና ዛልሙለር ኋላ መጥተው ተጨመሩ። ዋልድማየር የስዊስ ተወላጅ፥ ቀጭን ልብ ያለው፥ ሲደሰትም ሲያዝንም እንባው የሚቀርብ ሰው እንደነበረ ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ይታያል። በ1859 ሱዛን ቤልን አገባ። ሱዛን የንጉሡ ባለሟል የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤል፥ የእንግሊዛዊው፥ እና የኢትዮጵያዊት እመቤት ልጅ ናት። እኅቷን ደግሞ ዛልሙለር አገባ። በ1860 ቤል ለንጉሡ ሲዋጋ ሞተ። ጋፋት እንግዲህ የሚስዮን ሠፈር ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ አማርኛ የሚናገሩ ልጆች የሚሮጡበት፥ ሕፃናት ፊደል የሚቆጥሩበት፥ ጠዋትና ማታ የጀርመንኛ መዝሙር የሚሰማበት መንደር ሆነ። ከሽፒትለር ሕልም ጋር የቀረበ ነገር ካለ በእነዚያ ጥቂት ዓመታት የነበረው ጋፋት ነው።

ከዚያ ትእዛዙ መጣ። መድፍ ሥሩልኝ።

ሠራተኞቹ አናውቅም አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ከመካከላቸው መድፍ ሠርቶ የሚያውቅ አልነበረም። ንጉሡ ግን «አናውቅም»ን አልተቀበሉም። ፈረንጅ ሁሉ ያውቃል፤ አላውቅም ካለም መሥራት ስላልፈለገ ነው። ከጋፋት ሰዎች ጋር አብረው የሚሠሩ ሁለት ሌሎች አውሮጳውያን ነበሩ፤ ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሆል። ሸክላውን ለወሱ፥ እቶኑን ሠሩ፥ ወናፉን አስነፉ፥ ነሐሱን አቀለጡ። ከሸፈባቸው። ደገሙ፤ ከሸፈባቸው። በመጨረሻ በ1860ዎቹ መጀመሪያ የመጀመሪያው መድፍ ወጣ። ንጉሡ ተደሰቱ፤ ሸለሙ፤ የበለጠ ትልቅ እንዲሠራም አዘዙ። ከዚያ ወዲህ የጋፋት እቶን አልበረደም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ራሴን የምጠይቀው ጥያቄ አለ። እነዚህ ሰዎች ምን ማድረግ ነበረባቸው? ወንጌል ይዘው የመጡ ሰዎች ለጦርነት መሣሪያ ሲያቀልጡ የገቡበትን ዓላማ ከድተዋል ማለት ቀላል ነው፤ ብዙዎችም ብለዋል። እምቢ ቢሉ ደግሞ ተባርረው ይወጡ ነበር፤ አለዚያም ይታሰሩ ነበር፤ ያስተማሯቸው ልጆችና ያገቧቸው ሚስቶችም አብረው። እኔ የማየው ግን ከዚህ ሁሉ የጠለቀ ነገር ነው። የመጡበት ሐሳብ ራሱ በር ከፍቶ ነበር። «በእጃችሁ አገልግሉ» ተብለው ተላኩ፤ እጅ ግን ባለቤቱ የሚሻውን ብቻ አይሠራም፤ አገልጋይ ከሆነ የጌታውን ትእዛዝ ይሠራል። እነርሱ በአንድ ጊዜ ሁለት ጌታ ነበራቸው፤ ሁለቱንም ከልብ ይወዱ ነበር። ዋልድማየር ቴዎድሮስን የፈራውን ያህል ወዷቸዋል፤ ከሞቱ በኋላም ስማቸውን በክፉ ብቻ ማንሣት አልቻለም።

በዚህ መካከል በሌላው ቤት እሳት ተነሣ። ሄንሪ ስተርን የሚባል፥ በቤተ እስራኤል መካከል ሊሰብክ የመጣ ሚስዮናዊ በ1862 ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚል ወሬ አስገብቷል። ይህን ያህል ዋጋ ያስከፈለ ዐረፍተ ነገር በእኛ ታሪክ ውስጥ ብዙ አላውቅም። በ1863 ስተርን በንጉሡ ፊት አገልጋዮቹ ተደብድበው ሲሞቱ እያየ በድንጋጤ ጣቱን ነከሰ። በአውሮጳ ጣት መንከስ የጭንቀት ምልክት ነው፤ በእኛ አገር ግን የበቀል ዛቻ ነው። እርሱም ተደብድቦ ታሰረ። በ1864 መጀመሪያ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ መቅረቱ ቁጣውን አባብሶታል። መልስ ይዞ የመጣው ራሳም በ1866 ደረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ እርሱም ታሰረ።

ያን ጊዜ ንጉሡ ፍላድን ወደ ለንደን ላኩት። ባለ እጆችና መሣሪያ ይላኩልኝ የሚል መልእክት አስይዘውታል። ሚስቱ ጳውሊናና ልጆቹ ግን በመያዣነት ቀሩ። ጳውሊና በኢየሩሳሌም ሕመምተኞችን ስታገለግል የኖረች ዲያቆናዊት ነበረች። ባልዋ ባሕር ተሻግሮ አንድ ዓመት ያህል ሲቆይ፥ ይመለስ አይመለስ ሳታውቅ ልጆቿን ይዛ በንጉሡ ሠፈር ኖረች። ፍላድ ለንደን ሲደርስ ነጻ ሰው ነበር። እዚያው ቢቀር የሚይዘው አልነበረም፤ ነገር ግን በ1867 ወደ እስሩ ተመለሰ። ከሁሉም ስብከቱ ይልቅ ይህ መመለሱ ይሰብካል ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

በመቅደላ የታሰሩት የእንግሊዝ ሰዎች ጋፋትን አይወዱም ነበር። ከታሳሪዎቹ አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጋፋት ሰዎች በንቀት ይጽፋል። ለንጉሡ ያደሩ፥ በሽልማት የተገዙ አድርጎ ያያቸዋል። የጋፋት ሰዎች ደግሞ ለእስረኞቹ ምልጃ የሚያቀርቡ፥ የንጉሡን ቁጣ የሚያበርዱ እኛ ነን ባዮች ናቸው። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። በአንድ ጊዜ ለባለ ሥልጣን የሚሠራና ለተበዳይ የሚማልድ ሰው፥ ከሁለቱም ወገን ምስጋና አያገኝም።

በጥቅምት 1867 ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። በአካባቢው በነዚህ ሰዎች እጅ የተሠራው ትልቁ መድፍ ሴቫስቶፖል አብሮ ተነሣ። ስሙ በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ ከተማ የተወሰደ ነው። ሠረገላውን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ይጎትቱት ነበር። ገደል ሲመጣ መንገድ ይቆረጣል፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። ባለ እጆቹም ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በዚያው ጉዞ ውስጥ ነበሩ። ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ፥ ሚያዝያ 10 ቀን 1868፥ በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሲሆን ከፋላ ተራራ የተተኮሱት መድፎች የእንግሊዝን ጦር እምብዛም አልጎዱትም። በሜዳው ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። በማግስቱ ንጉሡ የዕርቅ መልእክተኛ አድርገው ወደ ናፒየር ሠፈር ከላኳቸው አንዱ ያው ፍላድ ነበር። ዕርቁ አልሆነም። ሚያዝያ 13 ቀን ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሴቫስቶፖል እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ ላይ ወድቋል፤ አዲስ አበባ ያየሁት አምሳያው ነበር።

ባለ እጆቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ልብ ወለድ ነው። ሞሪትዝ ሆል ኢትዮጵያዊት እናት ያላትን ሚስቱን ይዞ ያፋ ሠፈረ፤ በዚያው ዓመት የተወለደች ልጁ በተወለደችበት አምባ ስም ማግዳሌና ተባለች። የዚያች ልጅ የልጅ ልጅ ዝነኛው ተዋናይና ጸሐፊ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ማየር ኋላ ወደ ሸዋ ተመልሶ በባሊ አስተማረ፤ በ1886 ደግሞ ከዚያ ተባረረ። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄደ። በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤትና የሚስዮን ጣቢያ መሠረተ፤ በእርጅናው ደግሞ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲቆም ደከመ። ዐስፉሪዬ የተባለው ይህ ሆስፒታል በመካከለኛው ምሥራቅ ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ የአእምሮ ሕክምና ቤቶች አንዱ ነው። በወጣትነቱ መድፍ ያቀለጠ እጅ በእርጅናው የሰውን የተቃወሰ አእምሮ ለማስታመም ጡብ ደረደረ። አንዱ የሌላው ካሣ ነበር አልልም፤ እርሱም እንዲያ አላለም። ግን ሁለቱን ሳላያይዝ ማንበብ አልቻልሁም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እስካሁን ያልለቀቀኝ ሰው ግን እርሱ አይደለም፤ ሱዛን ናት። ፍላድ መጻሕፍት ጻፈ፤ ዋልድማየር የሕይወት ታሪኩን በ1886 አሳተመ፤ ስተርን ጻፈ፤ ብላንክ ጻፈ፤ ራሳም ጻፈ። ከአገር ወገን ደብተራ ዘነብ፥ ከነዚሁ ሚስዮኖች ጋር ቅርበት የነበረው ሊቅ፥ የቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ ጻፈ፤ ኤኖ ሊትማን በ1902 አሳተመው። በእኛም ዘመን ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፥ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ጽፈውልናል። ሱዛን ግን አልጻፈችም፤ ወይም የጻፈችው አልደረሰንም። «በሰው አገር ያገለገሉ ሚስዮናውያን» ስንል የምናስበው ከአውሮጳ ወደ እኛ የመጡትን ነው። እነርሱ ኢትዮጵያ ውስጥ የቆዩት ለ10 ወይም ለ12 ዓመት ነው። ሱዛን ግን በአባቷ ንጉሥ ቤት አድጋ፥ አባቷም ንጉሡም ከሞቱ በኋላ፥ ዐረብኛ በሚነገርበት ተራራ ላይ ከባልዋ ጋር ለመኖር አገሯን ለቅቃ ወጣች። ከሁሉም ይልቅ የሰው አገር ሰው የሆነችው እርሷ ናት። በብሩማና ማለዳ ስትነሣ የምትጸልየው በምን ቋንቋ ነበር? እንጀራስ አሰኝቷት ያውቅ ይሆን? የጋፋት መዝሙር ትዝ ሲላት የሚቀድማት ዜማው ነው ወይስ የወናፉ ድምፅ? ይህ የጎደለን መጽሐፍ ነው።

እኔም በሰው አገር እንጀራ የምበላ ሰው ነኝና ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለብኝም። ባለፈው እሑድ ክሪሾና ላይ ተቀምጬ የማስበው ስለዚህ ነበር። ከዚህች ኮረብታ ባለ እጆች ሄዱ፤ ያላሰቡትን ሠርተው፥ ያላሰቡትን ወደው፥ ያላሰቡበት ቦታ ተበተኑ። እነርሱ ከተበተኑ በኋላ ግን እዚሁ ኮረብታ ላይ ሌላ ብረት መቅለጥ ጀመረ፤ የፊደል እርሳስ። በ1870ዎቹ ክራፍ እየተቆጣጠረው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ታተመ። በ1899 ደግሞ፥ በሕፃንነቱ ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ፥ እንደርሱ ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ እርዳታ እያገኘ የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በፊደላችን ተለቅሞ የወጣው ከዚህ ነው። ከሴቫስቶፖል ጋር አንድ ምንጭ አላቸው ማለት ነው።

መድፉ መቅደላ ላይ ዝናብ ይመታዋል። መጽሐፉ ይነበባል። መምህሬን ዛሬ ባገኛቸው «የትኞቹ ፈረንጆች?» ብዬ መጠየቄን አልተውም ነበር፤ አሁን ግን አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ «ሚስቶቻቸውስ ምን አሉ?»